የአያቴ የእጅ ሰዓት፦ ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብልኝ አለ?

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2:10)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከአዳማ ነው። አያቴ በነሐሴ አረፈች። አርባዋ ካለፈ በኋላ እናቴ ሳጥኗን ስትከፍት አንድ ትንሽ የሴት ሰዓት በነጭ መሀረብ ተቋጥሮ አገኘች። «አንቺ ያዥው» ብላ ሰጠችኝ።

አያቴን እማማ ነው የምንላት። እማማ ይህን ሰዓት ዕድሜዋን ሙሉ አስራዋለች። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ቡናው ከመቆላቱ በፊት፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትሰማዋለች። ከዚያ ትሞላዋለች። መሙያዋ ስትዞር የምታሰማው ድምፅ የልጅነቴ ድምፅ ነው። አሁን ግን ቆሟል። ስሞላው ትንሽ ይሄድና እንደገና ይቆማል።

ማወቅ የምፈልገው ምን ሰዓት እንደሆነ ነው። ክብ ነው፤ ወርዱ ሁለት ሳንቲ ተኩል ይሆናል። ቀለሙ ወርቅ ነው፤ መሙያዋ አጠገብ ግን ተፍቆ ከሥሩ ሌላ ብረት ይታያል። የሰከንድ ዘንጓ መሀል ላይ ናት። ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም እንግሊዝኛ ይመስላል፣ ግን አይነበብም። የመጀመሪያዋ ፊደል ቁጥር 3ን ትመስላለች። ከዚያ «ኤ»፣ ከዚያ «ፒ»፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ የዞረች «አር» አለች። ከሥሩ 21 የሚል ቁጥር አለ። ታች፣ 6 ቁጥር አጠገብ፣ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ።

እናቴ አያታችን ለሠርጋቸው ከአዲስ አበባ የገዛላት ነው ትላለች። ሠርጋቸው በ1952 ነበር።

ሌላ ጉዳይም አለ። ትናንት እዚሁ ከተማ አንድ ወርቅ ቤት ወስጄው ነበር። ሰውየው ጎኑ ላይ «ኤ»ና «ዩ» ከሚሉ ፊደላት ቀጥሎ 20 የሚል አየ። «ኤ ዩ ማለት ወርቅ ነው፣ 20 ካራቱ ነው፤ ውስጡን አውጥተን በግራም እንገዛሻለን» አለኝ። ውስጡ ምን ይሆናል ብለው «ይጣላል» አለ። ይዤው ወጣሁ። እጄ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበር። የምታውቁ እርዱኝ።

ሐይቅ ዳር (ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2:31)

ነፍስ ይማር እህቴ። እንኳን ይዘሽው ወጣሽ።

እኔ እንደሚመስለኝ የስዊዝ ሰዓት ነው። በጃንሆይ ዘመን ደህና ኑሮ ያላቸው ሴቶች የሚያስሩት የስዊዝ ነበር። ታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በማጉያ መነጽር እዪው። የስዊዝ ከሆነ «ስዊስ ሜድ» ወይም «ስዊስ» ይላል። በግራና በቀኝ «ቲ» ፊደል ካለው ቁጥሮቹ ላይ በጨለማ የሚያበራ ቀለም አለ ማለት ነው፤ ትሪቲየም ይባላል።

ክዳኑን ገልብጠሽም ምልክት ፈልጊ። እስከ 1995 ድረስ ስዊዞች 18 ካራት ወርቅ ላይ የሴት ራስ ያትሙ ነበር፤ 14 ካራት ላይ ሽኮኮ። ከዚያ ወዲህ የውሻ ራስ ነው። በቁጥር ደግሞ 750 ማለት 18 ካራት ነው፣ 585 ማለት 14። እነዚህ ከሌሉ ሙሉ ወርቅ ነው ለማለት አልደፍርም።

የሰዓት ቤት ልጅ (ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3:05)

የናዝሬት ልጅ፣ ነፍስ ይማር። እኔ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ አባቴ ሰዓት በሚሠራበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግኩት። አሁንም የምሠራው ይህንኑ ነው።

ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ አትሙዪው። ዘይቱ ደርቆ ስትሞዪው ጥርሶቹ በደረቁ ይፋጫሉ። ብዙ ሰው «ከልክ በላይ ሞላሁትና ቆመ» ይላል። ጤነኛ ሰዓት ሙሉ ሲሆን መሙያው አልዞርም ይላል እንጂ በመሙላት አይበላሽም። የሚያቆመው ደረቅ ዘይትና አቧራ ነው። ሁለተኛ፣ ክዳኑን በቢላዋ አትክፈቺ። የብዙ አሮጌ ሰዓት ጀርባ የተጫረው በወጥ ቤት ቢላዋ ነው፤ ሳየው ያመኛል። ሦስተኛ፣ ማንም አሲድ እንዳያስነካው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ወርቅ ሲፋቅ ከሥሩ ሌላ ብረት አይወጣም፤ ወርቅ እስከ ውስጥ ወርቅ ነው። አንቺ ራስሽ «ተፍቆ ሌላ ብረት ይታያል» ብለሻል። ስለዚህ ቅብ ነው። 20ውም ካራት አይደለም። ማይክሮን ነው፣ የቅቡ ውፍረት። 20 ማይክሮን ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ እጅ ሁለት እጁ ነው። የፀጉርሽ ዘለላ ከዚያ ይወፍራል። ግን ለቅብ ይህ ትንሽ አይደለም። 10 ማይክሮን የሚሉም አሉ።

ደግሞ ፊቱ ላይ ያለው 21 ካራት እንዳይመስልሽ። ድንጋይ ነው። ውስጥ የሚዞሩት ዘንጎች ጫፋቸው የሚያርፍባቸው ጥቃቅን ቀይ ድንጋዮች አሉ፤ ሰው ሠራሽ ሩቢ ናቸው። ብረት በብረት ላይ እየዞረ እንዳይበላላ ነው። ዋጋቸው እዚህ ግባ አይባልም፣ ሥራቸው ግን ትልቅ ነው።

ፎቶ ላኪልን፣ ፊቱን ከቅርብ።

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1:40)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ፎቶ አያይዣለሁ። በስልኬ አጉልቼ ታች ያለውን ለማንበብ ሞከርኩ። መጨረሻው «ሲ ሲ ሲ ፒ» ይላል። የቀረው አልገባኝም።

ስዊስ የሚል የለም። ሽኮኮም የለም።

ሌኒንግራድ 76 (ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 3:15)

ልጄ፣ አያትሽን ነፍስ ይማር። ፎቶውን ሳይ ከወንበሬ ተነሳሁ።

እንግሊዝኛ አይደለም። ሩስኛ ነው። 3 የምትመስለው ፊደል «ዝ» ናት። «ፒ» ያልሽው በሩስኛ «ር» ነው። ወደ ኋላ የዞረችው «አር» ደግሞ «ያ» ተብላ ትነበባለች። ሲገጣጠም «ዛርያ» ነው። ትርጉሙ ጎህ ማለት ነው። ታች ያለው «ስዴላኖ ቭ ኤስ ኤስ ኤስ ኤር» ይላል፤ በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ማለት ነው። እናንተ «ሲ ሲ ሲ ፒ» ብላችሁ የምታነቡት እነሱ ዘንድ «ኤስ ኤስ ኤስ ኤር» ነው።

ዛርያ የሚሠራው ፔንዛ በምትባል ከተማ ነበር፣ ከሞስኮ ደቡብ ምሥራቅ። ፋብሪካው በሴቶች ሰዓት ነው የሚታወቀው። እኔ ለትምህርት ወደዚያ አገር የሄድኩት በ1976 ነው። በየሰዓት መሸጫው መስኮት ላይ እነዚህ ተደርድረው እናያለን። ከስታይፔንድ፣ ለተማሪ ከሚሰጠን ገንዘብ፣ እየቆጠብን ለእናት፣ ለእህት፣ ለእጮኛ እንገዛ ነበር። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ከተገኘ ሻንጣው በሰው አደራ ይሞላል። በአንድ ጉዞ ስድስት ሰዓት ኪሱ ውስጥ ይዞ የመጣ ጓደኛ አለኝ፤ አንዱም የራሱ አልነበረም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ወደ ውጭ አገር ለንግድ የሚልኩት ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ ስሙን በላቲን ፊደል፣ ታቹን «ሜድ ኢን ዩ ኤስ ኤስ አር» ብለው ነበር የሚጽፉት። ያንቺ ሁሉም በሩስኛ ነው። ለአገራቸው ሰው የተሠራ ነው። እዚያው ያለ ሰው ገዝቶ ያመጣው ይመስለኛል።

ሐይቅ ዳር (ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 3:40)

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ተሳስቼ ነበር። ስለ ስዊዝ የጻፍኩትን ግን ሌላ ሰው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ አላጠፋውም።

የወንጂዋ (ጥቅምት 5፣ ቀን 6:22)

ይህን ክር አንብቤ የእናቴን ሰዓት አወጣሁ። እሷም ወንጂ ካምፕ ስትሠራ ያሰረችው ነው። «ሴኮ» ይላል፣ ጀርባው ላይ ስድስት ቁጥር አለው። ይህስ መቼ የተሠራ ነው? በክሩ ስለገባሁ ይቅርታ።

የሰዓት ቤት ልጅ (ጥቅምት 5፣ ቀን 7:10)

የወንጂዋ፣ ምንም አይደል። ሴኮ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የዓመቱ መጨረሻ አኃዝ ነው፣ በፈረንጆች። ሁለተኛው ወር ነው። ለምሳሌ በ73 ከጀመረ ዓመቱ በ7 የሚያልቅ ነው፣ ወሩ ማርች። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በቁጥር ፈንታ «ኦ»፣ «ኤን»፣ «ዲ» ፊደል ይገባል፤ በፈረንጆቹ ወር ማለቴ ነው። 1967 ይሁን 1977 ግን ቁጥሩ ብቻውን አይነግርሽም። እናትሽን መቼ እንዳሰረችው ጠይቂያት። በሌላ ክር ፎቶ ላኪ፣ እናየዋለን።

የናዝሬት ልጅ፣ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ዛርያ እኔም ብዙ ሠርቻለሁ። «ቻይካ» የሚባለውም የሴት ሰዓት ነው፤ የሚሠራው ኡግሊች ነበር። እነዚህ ጠንካሮች ናቸው። ወርቅ ቤቱ «ይጣላል» ያለሽ ነገር ነው ዋናው ሰዓት።

ውስጡን ብናይ የበለጠ እናውቃለን። አዳማ ውስጥ አሮጌ ሰዓት የሚሠራ ሰው ዘንድ ሂጂ። በአካል ቁሚ፣ ፊትሽ ይክፈትልሽ። ወዲያ ወዲህ ከምትለዋ ትንሽ መንኮራኩር አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢና ጻፊልን።

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 11:30)

ሄድኩ። ፖስታ ቤት አካባቢ በረንዳ ላይ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። በመስታወት ሳጥናቸው ላይ የሰዓት ፊት ብቻውን፣ ዘንግ ብቻውን ተደርድሯል። ሰዓቱን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ጆሯቸው ላይ ማስጠጋት ነው። ልክ እንደ እማማ። እዚያው እንባዬ መጣ።

ክዳኑን በቀጭን መሣሪያ ከፈቱት። ውስጡ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም። ቀያዮቹን ድንጋዮች አየኋቸው። ቁጥሩ 2009 ይላል። እሳቸው «በ2009 የተሠራ ነው» አሉኝ። ግራ ገባኝ። በእኛም ይሁን በፈረንጅ 2009 ይህ ሰዓት እማማ እጅ ላይ ከነበረ ስንት ዘመኑ! እኔ ራሴ ሕፃን ሆኜ ስጫወትበት የተነሳሁት ፎቶ አለ። ሌላ ዓመት ግን የትም አልተጻፈም።

የሰዓት ቤት ልጅ (ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 1:02)

ዓመት አይደለም! የማሽኑ ስም ነው። ሶቪየቶች የሰዓት ማሽን የሚጠሩት በአራት አኃዝ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ የማሽኑ ስፋት ናቸው፣ በሚሊ ሜትር። 20 ማለት ሁለት ሳንቲ። የኋለኞቹ ዓይነቱን ይናገራሉ፤ 09 ማለት የሰከንድ ዘንጉ መሀል ላይ የሆነ፣ ሲወድቅ የዚያች ወዲያ ወዲህ የምትለዋ መንኮራኩር ዘንግ እንዳይሰበር መከላከያ ያለው ማለት ነው። የሰከንድ ዘንጓ መሀል ላይ ናት ብለሽ አልነበር? ገጠመ።

ይህ አቆጣጠር ደግሞ የመጣው በፈረንጆች 1960ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ40ዎቹና በ50ዎቹ፣ ማሽኑ ላይ ሩብ ዓመቱንና ዓመቱን የሚያትሙበት ጊዜ ነበር። ያንቺ ላይ እንዲህ ያለ ማኅተም የለም። እና ልንገርሽ ብዬ ሳመነታ ነበር። አያትሽ ያገቡት በ1952 ከሆነ በፈረንጆች 1960 መሆኑ ነው። ሰዓቱ ከዚያ በኋላ የተሠራ ይመስለኛል፣ ምናልባትም ብዙ ቆይቶ። የሠርግ ስጦታ አይደለም።

ሌኒንግራድ 76 (ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 1:45)

እኔም ይህንኑ ላነሳ ነበር። ልጄ፣ ሳጥኑ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት የለም? እነሱ ሰዓት ሲሸጡ ፓስፖርት የሚሉት ወረቀት አብረው ይሰጣሉ። የዋስትና ወረቀት ነው። ሱቁ የተሸጠበትን ቀን ማኅተም ያደርግበታል። ወረቀቱ ላይ አምስት ጎን ያለው ምልክት፣ መሀሉ እጁን የዘረጋ ሰው የመሰለ ካየሽ የጥራት ምልክታቸው ነው። ያ ምልክት የመጣው በ1967 ነው፣ በፈረንጆች።

ከቤተሰባችሁ ወደዚያ የሄደ ሰው ነበር?

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 2:20)

ጋሼ፣ እኔ የማውቀው የለም። እናቴን ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና «የእማማ ታናሽ ወንድም ሄዶ ነበር፣ እኔ ሕፃን ነበርኩ» አለች። ስሙን በቤታችን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ነገ ሳጥኑን እንደገና እናያለን።

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 4:05)

አገኘነው።

ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን እማማ የዕድር ደብተሯን፣ የቤቱን ካርታና የልጆቿን የክርስትና ወረቀት የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጠርዙ የሳሳ ወረቀት። ጋሼ ያሉት ባለ አምስት ጎን ምልክት አለበት። ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለው። ቁጥሮቹ 12፣ 06፣ 81 ናቸው። ማኅተሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡልኝ፣ ፎቶው ይኸውና።

ሌኒንግራድ 76 (ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 4:31)

ቀኑ ጁን 12፣ 1981 ነው። በእኛ ሰኔ 5፣ 1973። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ግን የከተማው ስም ይነበባል። ኦዴሳ ነው። ጥቁር ባሕር ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። እኔም አንድ ጊዜ በክረምት ዕረፍት ሄጃለሁ። እዚያ የሚማሩ የእኛ ልጆች ነበሩ።

ሰኔ ላይ ፈተና ያልቃል። ለዕረፍት አገሩ የሚገባ ተማሪም ካለ በዚያ ሰሞን ነው የሚነሳው። የገዛው ሰው ወይ ራሱ ሊመጣ ነበር፣ ወይ የሚመጣ ሰው አግኝቷል።

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3:00)

ለትልቋ አክስቴ አሰላ ደወልኩላት። በ1973 የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ታስታውሳለች። ያለችኝን እንዳለ እጽፋለሁ።

የእማማ ታናሽ ወንድም ያደገው እማማ ቤት ነው። እናታቸው ቀድማ ሞታለች። እማማ ናት እንጀራ ሸጣ ያስተማረችው። በ1971 ለትምህርት ሄደ። ኦዴሳ ይሁን ሌላ አክስቴ አታውቅም፣ «ሩስያ» ብቻ ነው የምታውቀው። በ1973 ክረምት አንድ የማታውቀው ልጅ ናዝሬት ድረስ በባቡር መጣና አደራ አለኝ ብሎ ትንሽ ሳጥን ሰጣቸው። ሰዓቱ ነው። ደብዳቤም ነበረው። እማማ ማንበብ ስለማትችል አክስቴ ናት ያነበበችላት። «እጅሽ በምጣድ ሲቃጠል እያየሁ ነው የተማርኩት፤ ይህን ለዚያ እጅ ገዛሁት» ይላል። አክስቴ ይህን በቃሏ ነው የነገረችኝ። ደብዳቤው አልተገኘም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤው ቀረ። እሱም እዚያው ቀረ ይባላል። በዚያን ጊዜ «ቀረ» የሚባል ሰው ስሙ በቤት ጮክ ተብሎ አይነሳም ነበር፣ ጥያቄ ያመጣል። አያታችን ነው አሉ «ሰው ከጠየቀሽ እኔ ገዛሁልሽ በይ» ያላት። ተባለ፣ ተደጋገመ፣ እናቴ እውነት ብላ አደገች።

ጠዋት ጠዋት ጆሮዋ ላይ የምታደርገው ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም። ይቅርታ።

ሐይቅ ዳር (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3:12)

አይዞሽ።

የወንጂዋ (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3:20)

አይዞሽ እህቴ። ለእናቴ አነበብኩላት። እሷም አለቀሰች።

ሌኒንግራድ 76 (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 4:48)

ልጄ፣ እኔ የተመለስኩት ነኝ። ከተመለሱት ይልቅ የቀሩት የበዙበት ክፍል ነበረን። የቀረው ሁሉ የረሳ አይደለም። ደብዳቤ የሚከፈትበት ዘመን ነበር። ብዙዎች ለቤተሰባቸው ፈርተው ነው መጻፍ ያቆሙት። ይህን እወቂው።

ኦዴሳ ከነበሩ ሰዎች የማውቃቸው ሁለት አሉ። አዲስ አበባ ናቸው። ሙሉ ስሙን እዚህ አትጻፊው፣ በግል መልእክት ላኪልኝ። እጠይቃለሁ።

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 5:01)

ልኬልዎታለሁ ጋሼ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

የሰዓት ቤት ልጅ (ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 2:15)

እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥራውን ልጨርስልሽ ብዬ ነው የምጽፈው።

ለእኒያ አባት ስጫቸው፣ ችሎታ አላቸው። ቁጥሩን እንደ ዓመት ማንበብ ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው ነው፣ አትቀየሚያቸው። ግን በእርግጥ ፈተው ያጥቡት እንደሆነ ጠይቂ። ሳይፈቱ ዘይት ጠብ አድርገው የሚሰጡ አሉ። ያ ለአንድ ወር ይሄድና አሮጌው ዘይት ካዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይደርቃል። መፈታት አለበት፣ ቁራጭ በቁራጭ መታጠብ አለበት፣ ከዚያ በየድንጋዩ እንደ መርፌ ጫፍ ታህል ዘይት።

ሰውነቱን አታስቀቢው። «አዲስ አደርግልሻለሁ» ቢሉሽ እንቢ በይ። መሙያዋ አጠገብ የተፋቀው የአያትሽ ጣት ነው። ፊቱንም አታስጠርጊው፤ ጽሑፉ ስስ ነው፣ በአንድ ጥጥ ይነሳል።

ሲሠራ ጠዋት ጠዋት ሙዪው፣ አንድ ሰዓት ላይ። አንዴ ከተሞላ ከአንድ ቀን በላይ ይሄዳል። ውኃ ግን አይወድም። እጅሽን ስትታጠቢ አውልቂው።

የናዝሬት ልጅ (ጥቅምት 19፣ ከቀኑ 10:50)

ዛሬ ተቀበልኩት። ሙሉ በሙሉ ፈተው አጥበውታል። ሲፈቱት ቁጭ ብዬ አየሁ። ሌላ የተሰበረ ነገር አልነበረውም፣ የደረቀ ዘይት ብቻ። ቤት ስገባ እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩት። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እማማ የምታነበው በዘንጉ ጭራ ነበር፤ ሰዓቱ በፈረንጅ ተሞልቶ ማዶ ያለውን ቁጥር ታነባለች። አባትየው «በአገራችን ላድርግልሽ?» አሉኝ። እንደ እማማ ይሁን አልኳቸው። አሁን እኔም በጭራው ማንበብ እየተለማመድኩ ነው።

ጥያቄዬ ግን ማሰሪያው ነው። የድሮው ቆዳ ተበጣጥሷል። የሚገባበት ቦታ ስፋቱ 12 ሚሊ ነው አሉኝ። በአዳማ ያገኘሁት ሁሉ ሰፊ ነው።

የሰዓት ቤት ልጅ (ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 12:40)

12 ሚሊ ጥቁር ቆዳ እኔ ጋ ሁለት አለ። ሰኞ በሚመጣ ሰው እጅ ወደ አዳማ እልክልሻለሁ። ዋጋ አትጠይቂኝ። የድሮውን እንዳትጥዪው፣ ከወረቀቱ ጋር አስቀምጪው።

ሌኒንግራድ 76 (ጥቅምት 21፣ ከጠዋቱ 3:30)

ልጄ፣ የግል መልእክትሽን እዪ። አንዱ ሰው ስሙን ያውቀዋል።